ሰላምታው ሳይመለስ

ከዚራ፣ ዘጠኝ ሰዓት፤ ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣
ቬንትሌተሩ ዞሮ እሳት ይዞ ሲመጣ፣
የምድር ባቡር ጡረተኞች ማኅበር ቢሮ ውስጥ
ስክሪን ላይ አፍጥጫለሁ፣ ዓይኔ እስኪገለበጥ።

ሁለት መቶ አርባ ደብዳቤ ወረፋ ይዞ ቆሟል፤
የወሩ ሒሳብ ነው፤ ከኤረር እስከ አይሻ
የልጅ ልጁን ስልክ ተውሶ ስንቱ ሰው ይጠብቃል።

ኮዱ የኔ ነው። ላይብረሪው ግን የሰው፣
አይቼው የማላውቅ ሰው በነጻ ያወረሰው።
እኔ ስም እሰጠዋለሁ፣ የይለፍ ቃል፣ የበር ቁጥር፤
እሱ ሄዶ ያንኳኳል፤ የሱ ነው መነጋገር።
መጀመሪያ ሰላም ይላል፤ ደንቡ ነው፣ እንደ ጎረቤት፤
ሰርቨሩ ሰላም ካላለው አይዘልቅም ወደ ቤት።

ዛሬም ሰላም አለ።
ሠላሳ ሰከንድ ሙሉ በር ላይ ቆመ፤
«መገናኘት አልተቻለም» ብሎኝ ተጋደመ።
ለምን እንደሆነ አይልም።
ድሬ ላይ ለደመኛ እንኳ እንዲህ አይደረግም፤
«አቦ፣ እንዴት ነህ» ሳይባል ማንም ማንንም አያልፍም።

የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ፤ ላይብረሪውን አራግፌ መልሼ ጫንኩ፤
ያጠፋ የመሰለኝን ሁሉ በየተራ ከሰስኩ።

ሮብሌ ዋይስ ከበሩ ጥግ፣ የድሮ ቴሌግራፍ ሠሪ፣
«አንቺ ልጅ፣ መስመር ሲሞት አይጮኽበትም፤ ከቅርብ ጀምረሽ ጥሪ።
ሽንሌን ቅደሚ፤ ከመለሰ፣ አዲጋላን፤
ዝም ያለሽ ጋ ነው ሽቦው የተቆረጠው፤ እዚያ ላኪ ጠጋኙን።»

ጠራሁ።
ራውተሩ መለሰ።
ስምን ወደ ቁጥር የሚፈታው፣ እሱም መለሰ።
ሃያ አምስተኛው በር ላይ ስደርስ፣ ያልኩት ሁሉ
እንደ ደቻቱ ውሃ አሸዋ ውስጥ ጠፋ።
ለካ በአይፈለጌ መልእክት የተነሳ ከላይ ተቀርቅሮ ነበር፤
አምስት መቶ ሰማንያ ሰባት አልኩ፤ ሄድኩ በሌላ በር።

ሰላም አለ። ሰላም ተባለ!
ከወንበሬ ብድግ ስል
መልሶ ወደቀ። ያው ቃል፣ ያው ዝምታ።

የላይብረሪውን አፍ ልከፍት ከማስተካከያው ገባሁ፤
«ዝርዝር ተናገር» የሚለው ጎን «ሐሰት» ተብሎ ተጽፏል፤
አጥፍቼ «እውነት» አልኩት።
አንዴ እውነት ከተባለ ማን ያስቆመዋል፤
የሆዱን ሁሉ ዘረገፈው፣ መስመር በመስመር፣
ከታች ጥግ ላይ፣ ልክ እንደ አፈረ ሰው፦
«የሰርተፊኬቱ ዘመን ገና አልገባም።»

ገና?
የማሽኑን ቀን አየሁ። ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት።
ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አየሁ። ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት።
ሁለቱም አልዋሹም።

«ትናንት መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀኑን ጠየቀኝ፤
ነገርኩት» አለች ወይዘሮ አስካለማርያም።
«ሰዓቱንም። ምን ልበለው ታዲያ?»

ምን ትበለው። የጠየቃትን በሀገሯ መለሰችለት፤
ሰርቨሩ ያለበት ግን ሌላ ዘመን ነው፣ ስምንት ዓመት ቀድሞ የነጋለት።
ያምናው ሰርተፊኬት በኛ ማሽን ዓይን
ገና አልተረገዘም፤ እንዴት ይመነው ያልተወለደን?

ልቆጣ አስቤ ነበር። ሳቄ መጣ።
ስምንት ዓመት ጨመርኩ። ሰዓቱንም አስተካከልኩ፣
አዲስ ባትሪ የሚገዛ ልጅ ወደ ታይዋን ገበያ ላኩ።

ሰላም አለ። ሰላም ተባለ።
ስምህ? አለው። ነገረው። ቁልፍህ? አሳየው።
ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ አርባ፣ መቶ፣
ወረፋው እንደ ባቡር ሲጎተት በስክሪኑ ላይ አየነው።

የሮብሌ ስልክ ጢን አለች።
መነጽሩን ከደረት ኪሱ አወጣ፤
ስልኩን ከፊቱ አርቆ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ፤
በሌባ ጣቱ ጠረጴዛውን ነካ ነካ አደረገ፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር፤
ምን እንዳለ አልጠየቅኩትም።

«ደርሷል» አለ።
«ሠላሳ ሁለት ብር ግን ጎድሏል።
እሱ የሽቦው ጥፋት አይደለም።»